እሳት ሳያስነብባችሁ የቤታችሁን መድን አንብቡ

ባንኮች በመያዣ የያዙትን ቤት መድን ሳይገባለት አይተዉም። ስለዚህ እዚህ ጎንደር በብድር ቤት የሠራ ወይም የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤት መድን አለው። ነገር ግን ብዙው ሰው የመድን ውሉን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ማለትም አረቦኑ፣ በየዓመቱ ከሒሳቡ ይቆረጣል። ውሉ ባንኩ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ባለቤቱ "ኢንሹራንስ አለኝ" ብሎ ተማምኖ ይተኛል። የእናቴ ቤትም እንደዚሁ ነበር። ውሉን ፈልገን ያነበብነው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ በደህና ጊዜ አውቀነው ቢሆን እናቴ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ኪሳራ ባልተሸከመች ነበር። እናንተ እንዳትሸከሙት ነው ይህን የምጽፈው።

ቤቱ ማራኪ አካባቢ ነው። አባቴ በ2009 ነው በብድር የሠራው። ፊት ለፊት የብሎኬት ቤት አለ፤ ከጀርባው የተያያዘ ማድ ቤት። በኋላ ደግሞ ግቢው ውስጥ ለኪራይ የሚሆኑ ሰርቪስ ክፍሎች ተጨመሩ። አባቴ ካረፈ በኋላ ብድሩን የምትከፍለው እናቴ ናት። የወረቀቱን ጉዳይ የምከታተለው እኔ ነኝ።

እሳቱ የተነሳው በ2017 የከተራ ዕለት ነው። ጎንደር በጥምቀት ሰሞን ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ከየአገሩ እንግዳ ይመጣል፣ ቤቱ ሁሉ ይሞላል፣ እንጀራው ከሌሊት ጀምሮ ይጋገራል። ምጣዱ ለሰዓታት ሳይጠፋ ቆየ። ገመዱ ጋለና ማድ ቤቱ ተያያዘ። ከዚያ እሳቱ በኮርኒሱ በኩል ወደ ትልቁ ቤት ገባ። ከተማው በሙሉ ታቦት ሊሸኝ ወጥቶ ስለነበር መንገዱ በሕዝብ ተሞልቶ የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ። ጎረቤት ቆርቆሮውን ገንጥሎ፣ በባልዲ ውሃ ተቀባብሎ ነው ያተረፈን። ማድ ቤቱ፣ ሁለት ክፍሎች፣ ከጣሪያው አጋማሽ በላይ እና አንዱ ሰርቪስ ሄዱ። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በማግስቱ እድርተኛው አካፋና ጋሪ ይዞ መጣ። ደግነት ነው። እናቴ ቃጠሎውን እያየች እንዳታለቅስ ግቢውን አጽድተው ሊሰጧት ነው። አንድ ዘመዳችን ግን "ኢንሹራንስ አላችሁ አይደል? እንግዲያው አንድ ነገር እንዳትነኩ" አለ። ይህ ምክር ከብዙ ጣጣ አድኖናል። መድን ድርጅቱ የሚልከው የጉዳት ገማች መጥቶ ሳያይ ፍርስራሽ ከተነሳ፣ የተቃጠለው ምን እንደነበረ ማሳየት የእናንተ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱን ጥግ በስልክ ፎቶና ቪዲዮ አንሱ። ከዚያ የቀረው እንዳይበላሽ ጠብቁ። ዝናብ የሚገባ ከሆነ ሸራ አልብሱት፣ የተረፈውን ዕቃ ወደ ደረቅ ቦታ አውጡት። ተጨማሪ ጉዳት እንዳይደርስ መከላከል የባለቤቱ ግዴታ ነው። ማፍረስና መጣል ግን ገማቹ ካየ በኋላ ይደረጋል። ቆሻሻውንም ቢሆን ጥግ ላይ ሰብስቡት እንጂ ከግቢ አታስወጡት።

በዚያው ቀን ለፖሊስ አመልክቱ። ፖሊስና የእሳት አደጋ ክፍሉ የሚሰጡት ማስረጃ የካሳ ፋይሉ መሠረት ነው። ለመድን ድርጅቱም በስልክ ብቻ አትናገሩ። በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂው ላይ "ደርሶናል" የሚል ማህተም አስመቱ። ውሉ ላይ አደጋን ለማሳወቅ የተቀመጠ የቀን ገደብ አለ። ከዚያ ማለፍ ክርክር ያመጣል።

እናቴን ከሁሉ በላይ ያስጨነቃት ምጣዱ ነበር። "ልጄ፣ በእኔ ጥፋት ነው የተቃጠለው ካልናቸው አይከፍሉንም። ገመዱ በራሱ ጊዜ ፈነዳ እንበል" አለችኝ። ሌሎች ሰዎችም እንደዚያ መከሯት። እኔ ግን አንድ የማውቀውን የሕግ ባለሙያ ጠየቅሁ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት መድን ሰጪ የማይከፍለው ባለ መድኑ ሆን ብሎ ላደረሰው ጉዳት ነው። ቸልተኝነት ወይም ስህተት በራሱ ካሳ አያስቀርም። መድን የሚገባውም በአብዛኛው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ካሳ የሚያስቀረው ውሸት ነው። እናቴም ለገማቹ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው ነገረችው። እሱም ጻፈው። በዚህ ጉዳይ አንድም ጥያቄ አልተነሳብንም። እባካችሁ፣ በድንጋጤ ታሪክ አትፍጠሩ።

ከዚያ ወደ ባንኩ ሄደን የውሉን ቅጂ ጠየቅን። እንግሊዝኛ ነው፣ ገጹ ብዙ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመረዳት አትሞክሩ። መጀመሪያ ፊት ያለውን ሰንጠረዥ ፈልጉ። ያንን ቤት የሚመለከተው መረጃ በሙሉ እዚያ ላይ ነው። የማን ስም ነው? የቤቱ አድራሻና የካርታ ቁጥር ትክክል ነው? ግድግዳውና ጣሪያው ከምን ተሠራ ይላል? ለመኖሪያ ነው ወይስ ለንግድ? ሽፋኑ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው? የመድኑ መጠን ስንት ብር ነው? ከዚያ ቀጥሎ ከሽፋኑ ውጪ የተደረጉትን ነገሮች የሚዘረዝረውን ክፍል አንብቡ። በመጨረሻ ከኋላ የተያያዙ ልዩ አንቀጾችን እዩ። መሃል ያለውን ሐተታ ቀስ ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ።

እኛን የጎዳን የመድኑ መጠን ነው። መድን ሰጪው ቢበዛ ሊከፍል የሚችለው ጣሪያ ማለት ነው። ሰንጠረዡ ላይ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ይላል። እናቴ ይህን ስታይ ደስ አላት። ጉዳቱ ከዚያ በታች ስለሆነ ሙሉ በሙሉ የሚከፈል መስሏት ነው። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ትክክል መስሎኝ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚህ ያስባል፤ ጉዳዩ ግን ሌላ ነው።

መጠኑ የተጻፈው ብድሩ ሲወሰድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቆርቆሮው፣ የሠራተኛው ቀን ዋጋ ሁሉ ተቀይሯል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላማ ከውጭ የሚገባ የግንባታ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም አይተናል። ባንኩ ያሳሰበው ቀሪ ብድሩ መሸፈኑ ነው። ብድሩ በየዓመቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ የድሮው መጠን ለባንኩ በቂ ነው። ለቤቱ ባለቤት ግን በቂ አይደለም። በየዓመቱ ውሉ ሲታደስ ያንኑ የድሮ ቁጥር ይዞ ይታደሳል።

አሁን ስሌቱን ልንገራችሁ፤ ቁጥሮቹን እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ። ገማቹ ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገውን አስልቶ፣ የእርጅናውን ቀንሶ፣ ከእሳቱ በፊት የቤቱ ዋጋ 4 ሚሊዮን ብር ነበር አለ። መድን የተገባለት 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ነው። ያ ከመቶ 40 ነው። ስለዚህ ማንኛውም ጉዳት ሲደርስ መድን ሰጪው የሚሸፍነው የጉዳቱን ከመቶ 40 ብቻ ነው። ለቀረው 60 ባለቤቱ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል። እኛ ጉዳቱን 900 ሺህ ብር ብለን ነበር ያቀረብነው። የቆርቆሮው፣ የኮርኒሱና የእንጨቱ እርጅና ሲቀነስ 800 ሺህ ሆነ። የዚያ 40 በመቶ 320 ሺህ ነው። ከዚያ ላይ በውሉ መሠረት ባለቤቱ ከእያንዳንዱ አደጋ ራሱ የሚሸከመው 10 በመቶ፣ ማለትም 32 ሺህ ተነሳ። ኤክሰስ የሚሉት ይህን ነው። የቀረው 288 ሺህ ብር ነው። እናቴ ወረቀቱን አይታ ዝም አለች። እኔ ማንም አላታለላትም ብዬ ሳስረዳት ራሱ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁሉም የተጻፈ ነው፤ የንግድ ሕጉም ይህንኑ ይላል።

መጠኑ 4 ሚሊዮን ቢሆን ኖሮ በዚያው ስሌት 720 ሺህ ብር ታገኝ ነበር። በአረቦኑ ላይ የሚጨመረው ብር ከዚህ ልዩነት ጋር ሲተያይ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። የመድኑን መጠን በየዓመቱ፣ ከእድሳቱ በፊት፣ አስተካክሉ።

መጠኑን ስታስተካክሉ ደግሞ በቤቱ የሽያጭ ዋጋ አትሂዱ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አሮጌ ቤት በብዙ ሚሊዮን ሊሸጥ ይችላል፤ ገዢው የሚከፍለው ግን ለቦታው ነው። ቦታ አይቃጠልም። መሬቱም ቢሆን የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የግል አይደለም። ማወቅ ያለባችሁ ያንን ቤት ዛሬ ከመሠረቱ መልሶ ለመሥራት ስንት እንደሚያስፈልግ ነው። ከዚያ በላይ መግባትም አይጠቅምም። ካሳ ከደረሰው ጉዳት አይበልጥምና ትርፉን አረቦን በከንቱ ትከፍላላችሁ። አንድ መሐንዲስ ቤቱን ለክቶ የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ያውጣላችሁ። ክፍያው አይቆጫችሁም። ካሳው በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ እርጅና ተቀንሶ የሚለውንም በግልጽ ጠይቁ። በአዲስ ዋጋ የሚከፍል አንቀጽ ማስገባት ይቻላል፤ ያኔ የመድኑ መጠንም እርጅና ያልተቀነሰለት ሙሉ የግንባታ ዋጋ መሆን አለበት።

ሰርቪሱስ? ለሰርቪሱ ምንም አልተከፈለም። የተሠራው መድኑ ከተገባ በኋላ ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ የለም። ሰንጠረዡ ላይ የሌለ ነገር በመድኑ ውስጥ የለም ማለት ነው። ቤታችሁ ላይ ክፍል ስትጨምሩ፣ ፎቅ ስታወጡ፣ ግቢውን ለሱቅ ወይም ለእንጀራ መጋገሪያ ስታከራዩ ለመድን ድርጅቱ ወዲያው በጽሑፍ አሳውቁ። እነሱም የውሉን ማሻሻያ አውጥተው ከውሉ ጋር ያያይዙላችኋል። የአጠቃቀም ለውጥን አለማሳወቅ ከገንዘቡ በላይ አደጋ አለው። አደጋን የሚጨምር ለውጥ ሳይነገረው የቀረ መድን ሰጪ ካሳውን ሊቀንስ ወይም ሊከለክል ይችላል። መጀመሪያ መድን ሲገባ የሚሞላው ቅጽም እንዲሁ ነው። ከፊሉ ግድግዳ ጭቃ ከሆነ ጭቃ በሉ። አረቦኑ ትንሽ ቢጨምር ይጨምር።

በዚያ ሰርቪስ የሚኖረው ተከራያችን ፍራሹን፣ ላፕቶፑንና ልብሱን አጣ። እሱ በእኛ መድን የሚሸፈን መስሎት ነበር። የባለቤት መድን የተከራይን ዕቃ አይሸፍንም። ተከራይ ለራሱ ዕቃ የራሱን መድን መግባት ይችላል። ይህን ለተከራዮቻችሁ ንገሯቸው፤ በተለይ ለተማሪዎቹ።

የእናቴ የቤት ዕቃም አልተሸፈነም። ባንኩ ያስገባው መድን ለሕንፃው ብቻ ነው። ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የጥልፍ ቀሚሶቿ፣ ሁሉም ከመድኑ ውጪ ናቸው። ለዕቃ ለብቻው መግባት ያስፈልጋል። አሁን ለዕቃውም ገብተንላታል። ስንገባ እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ቀረጽን፣ ውድ ውድ ዕቃዎችን ከነደረሰኛቸው ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ላይ አስቀመጥን። ደረሰኝ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ከዕቃው ጋር አብሮ ይቃጠላል። ጥሬ ገንዘብና ወርቅ ደግሞ በአብዛኛው ወይ አይሸፈንም ወይ በጣም ዝቅተኛ ገደብ አለው። ወርቅ ያላችሁ ይህን አንቀጽ ለብቻው ጠይቁ።

ካሳው ሲወሰን ሌላ ያላሰብነው ነገር መጣ። ክፍያው በቀጥታ ለእናቴ አልወጣም። ቤቱ የባንክ መያዣ ስለሆነ ውሉ ላይ የመጀመሪያው ተከፋይ ባንኩ ነው። ባንኩ ገንዘቡን ለዕዳው ሊያውለው ይችላል። እኛ ቤቱ ካልተጠገነ መያዣውም ዋጋ እንደሚያጣ አስረድተን፣ የጥገና ዕቅድና የዋጋ ዝርዝር አያይዘን፣ ገንዘቡ ለጥገና እንዲለቀቅ ጻፍን። ባንኩም በየደረጃው ለቀቀልን። ብድር ያለባችሁ ሰዎች ካሳው እስኪመጣ አትጠብቁ። ከአደጋው ማግስት ጀምሮ ባንኩን አናግሩ።

ገማቹ መጀመሪያ ያወጣው ዝርዝር የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታውን አልያዘም ነበር። ጣሪያው ላይ የነበረው ሽቦ ሁሉ ቀልጧል፤ እሱ ግን የቆጠረው አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው። ጎረቤቶች እሳቱ እንዳይስፋፋ የገነጠሉትን ቆርቆሮም አስቀርቶታል። እሳትን ለማጥፋትና ለመግታት ሲባል የሚደርስ ጉዳትም የእሳት ጉዳት አካል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወይ ተናዶ ይጮኻል ወይ ተስፋ ቆርጦ ይፈርማል። ሁለቱም አይጠቅምም። መሐንዲሱ ያወጣልንን ዝርዝር ከገማቹ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አድርገን፣ የጎደለውን በቁጥር ጠቅሰን፣ ከዕቃ መደብሮች የሰበሰብነውን ፕሮፎርማ አያይዘን በደብዳቤ አስገባን። ገማቹ ተመልሶ መጣ፣ አየ፣ ጨመረ። ከላይ ያልኳችሁ 800 ሺህ ከዚህ በኋላ የመጣ ቁጥር ነው። የፍርስራሽ ማንሻው ወጪ ግን ተቀባይነት አላገኘም። ለእሱ ተጨማሪ ሽፋን ካልተገዛ አይከፈልም። ቤቱ እስኪጠገን ለምትከራዩት ቤትና ለሚቀርባችሁ የኪራይ ገቢም እንደዚሁ ነው። እነዚህን ሦስቱን ዛሬ ሁሉንም አስገብተናል።

ከክፍያ በፊት የሚያስፈርሟችሁ የማጠናቀቂያ ሰነድ አለ። "ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል፣ ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም" የሚል ነው። ቅሬታ ካላችሁ ከፊርማው በፊት ጨርሱት። ከፊርማው በኋላ በሩ ይዘጋል።

አጥር የምንጋራቸው ጋሼም ተጎድተዋል። እሳቱ የእንጨት አጥራቸውንና የዶሮ ቤታቸውን በልቶታል። እሳቸው "ከጎረቤት ካሳ አልጠይቅም" አሉ። እናቴ ግን እንቢ አለች። በሽማግሌ ተነጋግረን አጥሩን መልሰን ሠራን። ከኪሳችን ነው። ከእኛ ቤት ተነስቶ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት የሚባል ሽፋን አለ። እንደ ጎንደር ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው በሚሠሩበት ከተማ ይህን ማስቀረት አይገባም። የተገላቢጦሹንም እወቁ። ቤታችሁን ያቃጠለው የሌላ ሰው ጥፋት ከሆነ፣ መድን ድርጅቱ ለእናንተ ከከፈለ በኋላ በእናንተ ቦታ ገብቶ ጥፋተኛውን ይጠይቃል። የዳረጎት መብት ይሉታል። ስለዚህ ድርጅቱን ሳታማክሩ ከጥፋተኛው ጋር "ይቅር ተባብለናል" የሚል ወረቀት አትፈርሙ። ካሳችሁን ሊያበላሽባችሁ ይችላል።

ሽፋኑ ራሱ ምን ምን ያካትታል የሚለውም አለ። መሠረታዊው የእሳት መድን እሳትንና መብረቅን ነው የሚይዘው። ዐውሎ ነፋስ፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የቧንቧ መፈንዳት፣ መኪና አጥር ጥሶ ሲገባ የሚደርስ ጉዳት፣ እነዚህ ሁሉ በተጨማሪ አረቦን የሚገቡ ናቸው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ነፋስ የአንድ ጎረቤታችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። መድን ነበራቸው፤ ግን የእሳት ብቻ ነበር። ምንም አላገኙም። ዐውሎ ነፋስን ያስገባ ሰውም ቢሆን ጣሪያው አርጅቶ ዝናብ ቢያፈስ አይከፈለውም። መድን ለድንገተኛ ነገር እንጂ ቀስ በቀስ ለሚመጣ እርጅናና ለጥገና ጉድለት አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚቃጠል ፍሪጅም በውላችን ውስጥ አይሸፈንም። ከዚያ እሳት ተነስቶ ሌላውን ካቃጠለ ግን ሌላው ይሸፈናል።

በዚህ ጊዜ ጎንደር ውስጥ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ግጭት ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት ከጦርነትና ከእርስ በርስ ጦርነት የሚመጣ ጉዳት በውሉ ላይ በተለይ ካልተስማሙ በቀር አይሸፈንም። የፖለቲካ ሁከትና የሽብር ጥቃት ሽፋን ለብቻው የሚሸጥ ነው። ይህን ለመግዛት ካሰባችሁ በቃል በሚሰጣችሁ ማብራሪያ አትርኩ። ሁከት፣ አድማ፣ ሽብር፣ ጦርነት የሚሉት እያንዳንዳቸው በውሉ ውስጥ ይካተታሉ ወይስ አይካተቱም ብላችሁ አንድ በአንድ አስነብቡ።

የስርቆት ሽፋን ለሚፈልጉ ደግሞ ዋናው ነገር ሰብሮ የመግባት ምልክት ነው። በር ተከፍቶ በቀረበት ለጠፋ ወይም የቤት ሠራተኛ ለወሰደው ዕቃ በአብዛኛው አይከፈልም። ውጭ አገር ሆናችሁ እዚህ ቤት ያላችሁ ሰዎች ሌላም አንቀጽ ይመለከታችኋል። ቤቱ ሰው ሳይኖርበት ለረጅም ጊዜ ከቆየ ሽፋኑ ሊቋረጥ ይችላል። በእኛ ውል ገደቡ 30 ቀን ነው። ዘበኛ መኖሩ በቂ መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

መልስ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወኪሉ ወይም ደላላው ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ካሳ የሚከፈለው እሱ በተናገረው ሳይሆን በተፈረመው ወረቀት ነው። እድር እንኳ በመተዳደሪያ ደንቡ ነው የሚሠራው፤ ያልተጻፈውን አይሰጥም። ቅሬታ ካላችሁ ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ሂዱ። ካልተፈታ የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አለ። ውሉ ላይ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለ እሱንም እዩ። ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ የንግድ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። "ነገ ዛሬ" ሲባል እንዳያልፍባችሁ።

አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ስለ ቃጠሎ አስቀድሞ ማውራት ሟርት ይመስላቸዋል። እናቴም "የሚጠብቀው እሱ ነው" ትል ነበር። አሁንም ትላለች። ግን ባለፈው እድሳት ጊዜ መሐንዲሱን ያስጠራችው ራሷ ናት። ባንኩም እኛ ያቀረብነውን አዲሱን መጠን ተቀብሎ እንዲታደስ አድርጓል። ቅጂው አሁን በእጃችን አለ፤ ሌላ ቅጂ አክስቴ ዘንድ አዘዞ ተቀምጧል።

የእድሳቱን ቀንም ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ ሙሉለት፤ ከአንድ ወር በፊት እንዲያስታውሳችሁ። ባንኩ ይቆርጣል ብላችሁ አትተዉት። ሒሳቡ ውስጥ በቂ ብር ካልነበረ አረቦኑ ላይከፈል ይችላል። ሽፋኑ ካበቃበት ቀን ማግስት ለሚደርስ አደጋ ደግሞ የሚከፍል የለም። ሒሳቡ መቆረጡን አይታችሁ ደረሰኙንና የታደሰውን ሰንጠረዥ ከባንኩ ተቀበሉ፤ የመድኑ መጠን አዲሱ መሆኑንም እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ።